«በሳምንት 5,500 ዶላር» ያልከን ወንድማችን ሆይ፣ ወረቀቱን ወደ ታች ሳበው



ቪዲዮውን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ ያንኑ ባታዩ እንኳ መሰሉን አይታችኋል። ወንድማችን ከመሪው ጀርባ ተቀምጧል። ከኋላው አልጋ ያለው ትልቅ ትራክ ነው። ስልኩን ወደ ካሜራው ያስጠጋና አንድ ቁጥር ያሳየናል፦ 5,500 ዶላር። «የአንድ ሳምንት ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አሜሪካ ያላችሁም የምትመጡም ወንድሞች ሲዲኤል አውጡና በሊዝ ግቡ። የራሳችሁ አለቃ ትሆናላችሁ። ወለድ የለበትም፣ ሐላል ነው። ኢንቦክስ» ይላል።

ከሥሩ አራት መቶ «ማሻአላህ» ተደርድሯል። ደሴ ያለው ልጅ ብሩን በዶላር ምንዛሬ እያባዛ ነው። ጅማ ያለው ዩኒቨርሲቲውን ሊተው ያስባል። ሚኒያፖሊስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳው ደግሞ «እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ማመልከቻ እየሞላ ነው። የወንድማችን እናትም ቪዲዮውን አይታዋለች፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት መቶ ዶላር ሲልክላት ምን እንደምታስብ አላህ ይወቀው።

እኔም ያንን ቁጥር አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ወር በሊዝ ነድቼ ትራኩን መልሼ የወጣሁ ሰው ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ጉዳዬም ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም። ጉዳዬ በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ሰላምታ፣ በእኛው ዲን ስም ከሚሸጠው ግማሽ እውነት ጋር ነው። ግማሹን አንተ ካሳየኸን ሌላውን ግማሽ እኔ ላሳይ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ድርጅቱ ወይም የእርሱ እህት ድርጅት ትራኩን በሳምንት ኪራይ ይሰጥሃል። አንተ ተቀጣሪ አይደለህም፤ በወረቀት ላይ ነጋዴ ነህ። ጭነቱን የሚሰጥህም ራሱ ድርጅቱ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሴትልመንት የሚባል ወረቀት ይመጣል። ከላይ የጭነቱ ዋጋ ተጽፏል፣ ከዚያ ወደ ታች የሚቆረጠው ሁሉ ይደረደራል፣ ከታች ያንተ ይቀመጣል። ሦስት አራት ዓመት ከከፈልክ በኋላ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ የመጨረሻ ክፍያ ጨምረህ «ትራኩ ያንተ ይሆናል»። ቪዲዮው ላይ የምታየው የወረቀቱን የመጀመሪያ መስመር ነው።

አሁን ወደ ታች እንሳበው። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው። እያንዳንዱ ውል የራሱ ቁጥር አለው፤ ውል በእጅህ ካለ የራስህን እየተካህ ቁጠር። ስሌቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በሳምንት 2,500 ማይል የተከፈለበት ጭነት ጎተትክ እንበል፣ በማይል 2 ዶላር ከ20 ሣንቲም። ያ ነው 5,500። ድርጅቱ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ 28 ከመቶ ቢሆን 1,540 ሄደ፣ 3,960 ቀረ። ከዚያ ናፍጣ። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ጭነት አራግፈህ ወደ ቀጣዩ ጭነት ባዶህን የነዳኸው ማይል አይከፈልህም፣ ናፍጣውን ግን ትራኩ ይጠጣል። 300 ባዶ ማይል ብትጨምር 2,800 ነዳህ። በአንድ ጋሎን ስድስት ማይል ተኩል ብትሄድ 431 ጋሎን ያስፈልግሃል፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ70 ቢሆን ወደ 1,595 ዶላር ነው። 2,365 ቀረ። የትራኩ ኪራይ 950። የተሳቢው ኪራይ 175። ኢንሹራንሶቹ ተደምረው 220። ለጥገና ተብሎ ድርጅቱ ዘንድ የሚቀመጠው፣ ኤስክሮው የሚሉት፣ በማይል አሥር ሣንቲም ቢሆን 280። የመንገድ ክፍያ፣ ሰሌዳ፣ ሰዓትህን የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ፓርኪንግ 90። ስንት ቀረ? 650 ዶላር።

ቪዲዮው ላይ 5,500፣ ወረቀቱ ግርጌ 650። ያውም ገና አልበላህም። በስድስት ቀን መንገድ ላይ ምግብና ሻወር በቁጠባ 150 ይውሰድ። ግብርህንም ማንም አልቆረጠልህም። ተቀጣሪ ብትሆን የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን ግማሽ አሠሪው ይከፍል ነበር፤ አሁን 15.3 ከመቶው ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ለመንገድ ላይ ቀናት የሚፈቀደውን ተቀናሽ ብትጠቀም እንኳ በሳምንት መቶ ዶላር ወደ ጎን አለማስቀመጥ ሞኝነት ነው። የማያስቀምጠው ወንድማችን ሚያዝያ ላይ ብድር ፍለጋ ሲዞር አይቻለሁ። እንግዲህ 400 ቀረ።

ይህን 400 በምን ያህል ሰዓት አገኘኸው? ሕጉ በቀን 11 ሰዓት መንዳት፣ በስምንት ቀን ውስጥ ደግሞ 70 ሰዓት ሥራ ይፈቅዳል፤ የሊዝ ሹፌር እስከ ጠርዙ ይነዳል። 400 ለ70 ሲካፈል ስድስት ዶላር አይሞላም። የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ነው። መጋዘን ካርቶን ሲያነሳ የተውነው ልጅ ካንተ በላይ ያገኛል፣ ማታም አልጋው ላይ ይተኛል።

ይህ እንግዲህ ጥሩው ሳምንት ነው።

መጥፎውን ሳምንት ደግሞ እንይ። የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ፣ ትራኩ ጋራዥ አምስት ቀን ቆመ። አንድ የ700 ማይል ጭነት ብቻ ሠራህ፣ 1,540 ዶላር። የድርጅቱ ድርሻ ሲነሳ 1,109፣ ከ50 ባዶ ማይል ጋር ናፍጣው 427፣ ስለዚህ 682 ቀረ። ኪራዩ፣ ተሳቢው፣ ኢንሹራንሱና ቀሪው ግን ትራኩ መቆሙን አያውቁም፤ 1,435 ይፈልጋሉ። ኤስክሮው 75 ሲጨመር ወረቀቱ ግርጌ ላይ 828 ዶላር ዕዳ ይጻፋል። ሠርተህ ባለዕዳ ሆንክ። የጋራዡ ሒሳብ ገና አልተነካም። ሦስት ጥሩ ሳምንትና አንድ እንዲህ ያለ ሳምንት ብትደምር የወሩ አማካይ በሳምንት 280 ዶላር ይሆናል፤ ያውም ከምግብና ከግብር በፊት። በሊዝ ሊገባ የሚያስብ ሁሉ የሚጠይቀው «ምርጥ ሳምንትህ ስንት ነው?» ነው። ጥያቄው መሆን የነበረበት «ያለፉት ሃምሳ ሁለት ሳምንታትህ ለሃምሳ ሁለት ሲካፈሉ ስንት ናቸው?» ነው። ይህን የሚመልስልህ ሰው ካገኘህ እጁን ሳም።

ሌላም መቁጠሪያ አለ፤ እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ እርሱ ነው። በምሳሌያችን ከነዳኸው ከእያንዳንዱ ማይል የድርጅቱ ድርሻ፣ ናፍጣውና ኤስክሮው ከወጡ በኋላ 75 ሣንቲም ገደማ ይተርፋል። ቋሚው ወጪ 1,435 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወደ 1,930 የሚጠጉ ማይሎች ያንተ አይደሉም። በቀን 470 ማይል ብትነዳ፣ ሰኞ ንጋት ተነስተህ እስከ ሐሙስ ማታ የምትነዳው ለእነርሱ ነው። ያንተ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። (መንገደኛ ጁምዓ ግዴታ እንደማይሆንበት አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ የሆነ ሰው ግን ልቡ ምን እንደሚሆን ራሱን ይጠይቅ።) ይህንን ነው «የራስህ አለቃ» የሚሉት። ጭነት የሚሰጥህ ሰው ማይል ከቀነሰብህ የሚቀነሰው ካንተ ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ ከእርሱ ሰኞ አይደለም። ኪራይ ተቀባዩና ማይል አዳዩ አንድ ሰው ሲሆን ድርድር የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

በተቃራኒው ተራ ተቀጣሪ ሹፌር፣ ያንኑ 2,500 ማይል በ60 ሣንቲም ቢነዳ 1,500 ዶላር ነው። ናፍጣው፣ ጎማው፣ ጋራዡ የአሠሪው። ግን ማን ነው 1,500 ይዞ ቪዲዮ የሚሠራው? 5,500 ያምራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ «ወለድ የለበትም፣ ሐላል ነው» ወደሚለው።

ይህ ቃል የሚይዘው ጥሩውን ልጅ ነው። ለሪባ የማይጨነቅ ሰው ባንክ ሄዶ ተበድሮ ትራክ ይገዛል። ከሪባ የሚሸሸው፣ አላህን የሚፈራው ወጣት ነው «ሊዝ ኪራይ ነው፣ ኪራይ ደግሞ ሐላል ነው» ሲባል ልቡ የሚያርፈው። ከአንድ በር ስለሸሸ ብቻ የገባበት ሁለተኛው በር ንጹሕ ይመስለዋል። ወንድሜ፣ ሸሪዓ ስለ ወለድ ብቻ አይደለም የሚያወራው። ስለ ገረርም ያወራል፤ ምን እንደምትከፍልና ምን እንደምታገኝ በማይታወቅበት ግብይት ላይ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክልከላ አስቀምጠዋል። ስለ ኃላፊነትም ያወራል፤ ጥቅሙን የሚወስድ ሰው አደጋውንም መሸከም እንዳለበት የፊቅህ ሊቃውንት የተስማሙበት መርህ ነው።

በባለቤትነት ስለሚያልቅ ኪራይ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው በቁጥር 110 ውሳኔው ይህንኑ ተመልክቶታል። አካዳሚው ሁሉንም አልከለከለም፣ ሁሉንም አልፈቀደም። በአንድ ዕቃ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጋጩ ሁለት ውሎችን ማስቀመጥን ከለከለ። ለተፈቀደው ዓይነት ደግሞ ሸርጦች አኖረ፦ ኪራዩ ለሽያጭ መሸፈኛ ሳይሆን እውነተኛ ኪራይ ይሁን፤ ተከራዩ ባላጠፋው ጥፋት ዕቃው ቢበላሽ ኃላፊነቱ የአከራዩ ይሁን፤ ከዕለት ተዕለት መገልገያ ውጪ ያለው ጥገና በኪራዩ ዘመን ሁሉ የአከራዩ ይሁን፤ ኢንሹራንስ ካለም ትብብራዊ ይሁን፣ ወጪውም የባለቤቱ ይሁን።

አሁን ይህንን ከሴትልመንቱ ጋር አስተያዩት። ጥገናው የማን ነው? የሹፌሩ። ኢንሹራንሱ? የሹፌሩ። ሞተሩ ቢወርድ? የሹፌሩ፣ ያውም ትራኩ ቆሞ ኪራዩ እየቆጠረ። በስም ተከራይ ነህ፣ በሸክም ባለቤት ነህ፣ በመብት ደግሞ ሁለቱንም አይደለህም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ ፈትዋም አልሰጠሁም። ውሉን አስተርጉመህ ለምታምነው ዓሊም አቅርብ። ነገር ግን ሲዲኤል አለኝ ብሎ ከመሪ ጀርባ ፈትዋ የሚሰጠውም ሙፍቲ አይደለም።

ደግሞስ እኛ ይህን ለመረዳት አካዳሚ ያስፈልገናል? ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ በገቢ የሚሠራ ልጅ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ያስገባል። ነዳጁ የልጁ ነው፣ ጥቃቅኑም ብዙ ጊዜ የልጁ ነው። ሞተር ከወረደ ግን ባለቤቱ ነው የሚያሠራው፤ ባጃጁ በቆመበት ቀን ገቢ የሚጠይቅ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ ይታዘበዋል። ያ ያልተማረ የምንለው ስምምነት ከዚህ አርባ ገጽ ውል ይልቅ ለፍትሕ ይቀርባል።

«አንተ ስላልተሳካልህ ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን፣ እኔን ተዉኝ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሚሉትን ስሙ። በ2017 ዩኤስኤ ቱደይ የሎስ አንጀለስ አካባቢ የወደብ ሹፌሮችን የሊዝ ውል መርምሮ አወጣ። አንዱ ሹፌር ሁሉ ነገር ተቆርጦ ሳምንታዊ ክፍያው 67 ሣንቲም የሆነበት ጊዜ ነበር። ዶላር አላልኩም፣ ሣንቲም ነው። ትራኩ ሲበላሽ ማሠሪያ አጣ፣ ለባለቤትነት የከፈለው 78,000 ዶላርም ከትራኩ ጋር ቀረ። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ስለ ትራክ ሊዝ የሚያጠና ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዘዘ፤ ግብረ ኃይሉ ጥር 2025 ላይ ባቀረበው ሪፖርት በባለቤትነት ያልቃል የሚባለውን የሊዝ ዓይነት ኮንግረሱ እንዲያግድ መከረ። እንዲሻሻል አይደለም፣ እንዲታገድ። ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በደል ነው ያሉትን እኛ «ማሻአላህ» እያልን ሼር እናደርጋለን።

የተሳካላቸው የሉም አላልኩም። በ2021 ጭነት ሰማይ በነካበት ጊዜ የገቡና በጊዜ የወጡ አሉ፤ ቤት የገዛም አውቃለሁ። ያንን ያዩ ብዙዎች ደግሞ ገበያው ጣራ ላይ ሳለ በውድ ኪራይ ፈረሙ። ከዚያ በ2022 የጭነት ዋጋ ወረደ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ናፍጣ በጋሎን ከ5 ዶላር ተኩል አለፈ፣ ኪራዩ ግን አንድ ዶላር አልቀነሰም። ቤት የገዛው ቪዲዮ ሠርቷል። ትራኩን መልሶ የሰው ሶፋ ላይ የተኛው ቪዲዮ አይሠራም፤ ያፍራል። ስለዚህ ስልክህ የሚያሳይህ ያሸነፉትን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወደ ቪዲዮው ባለቤት። ክፉ ሰው ነህ አልልም። ምናልባት አንተም እንደኔ ወረቀቱን በቅጡ ሳታነብ ፈርመህ ይሆናል። ነገር ግን «ኢንቦክስ» ያልከው ለምንድን ነው? አዲስ ሹፌር ላመጣ ድርጅቱ ጉርሻ እንደሚከፍል ለምን አልነገርከንም? ሁለት ሺህ ዶላር ለወንድምህ ሁለት ዓመት ርካሽ ዋጋ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ባለእህሉ ዝናብ ነው የነካው አለ፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፣ ያታለለም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልዋሸም። ከላይ ያለው እህል በእርግጥ ደረቅ ነበር። ያንተም 5,500 እውነት ነው። እርጥቡ ከሥሩ ነው።

አሁኑኑ በውሉ ውስጥ ላላችሁ ወንድሞች ጥቂት የሚጨበጥ ነገር ልንገር። በፌዴራሉ ሕግ በመቶኛ የምትከፈሉ ከሆነ የጭነቱን ትክክለኛ ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ ቅጂ የማየት መብት አላችሁ፤ ድርጅቱ የነገራችሁን ሳይሆን ሰነዱን ጠይቁ። የጭነቱን ወረቀት ካስገባችሁ በ15 ቀን ውስጥ ክፍያ መፈጸም አለበት። ውሉ ካለቀ በኋላ ኤስክሮው ላይ የቀረላችሁ ገንዘብ ከ45 ቀን ባልበለጠ መመለስ አለበት፣ የተቆረጠበት ካለም ምክንያቱ ተዘርዝሮ። ይህንን ባለማወቄ የቀረብኝን ገንዘብ ለአላህ ትቼዋለሁ፤ እናንተ ግን ጠይቁ።

ገና ያልገባችሁ ደግሞ፣ ከአቡ ከእማ እየተሰበሰበ የሚላክላችሁን ብር በዚህ ተስፋ ላይ አታስይዙ። ሲዲኤል ጥሩ ሙያ ነው፣ ሐላል እንጀራ ነው፣ አልከለክልም። ተቀጥራችሁ ሁለት ዓመት ንዱ፣ መንገዱን እወቁ፣ አጠራቅሙ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ያገለገለ ትራክ በጥሬ ገንዘብ በሽርክና መግዛት ትችላላችሁ፤ ትርፉም ኪሳራውም የጋራ። ይህም ቀላል አይደለም፣ ሞተር የአጋርም ይሰበራል። ሽርክናውን ግን ጻፉት። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ አል-በቀራ ውስጥ ያለው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ነው፤ እኛ ግን በሆቴል አዳራሽ፣ በሥልጠናው በሦስተኛው ቀን፣ ደክሞን፣ በስልክ ስክሪን ላይ በጣት እንፈርማለን። ውሉን አስቀድሞ ለሳምንት ይዞ መሄድ የማይፈቅድላችሁ ድርጅት ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወንድሜ የቪዲዮው ባለቤት፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቅህ። ያለፉት አራት ሳምንታት ሴትልመንቶችህን፣ ስምህንና የድርጅቱን ስም ሸፍነህ፣ ሙሉውን ገጽ ላክልን። እኔ ተሳስቼ ከሆነ እዚሁ ገጽ ላይ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሌሎቻችሁም በሊዝ ያላችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ የመጨረሻውን መስመር እንዳትቆርጡት።

ወላሁ አዕለም።